ጋሽ ነጋሽን የሚቀድም ደወል

ጋሽ ነጋሽ በአሜሪካ፣ ከስቶን ማውንቴን ተራራ ትንሽ ወጣ ብሎ በሚገኘው የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን የሕንፃ ጠባቂ ሆነው ሲቀጠሩ ዕድሜያቸው አርባ ሰባት ነበር። ዛሬ ስድሳ ዘጠኝ ሞልቷቸዋል። ከዚያ በፊት በሱዳን በኩል በስደት መጥተው፣ መሐል ከተማ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ትኬት ሲቆርጡ ዐሥራ ስድስት ዓመት ኖረዋል።

«የእንግሊዞች» የምንለው እኛ ነን እንጂ አሁን እዚያ የሚጸልዩት አሜሪካውያን ናቸው። ሕንፃውን ያቆሙት ግን በእርግጥም እንግሊዞች ነበሩ፤ ከመቶ ዓመት በፊት የተራራውን ድንጋይ ለመጥረብ ከአንድ መንደር ተጠራርተው የመጡ ሰዎች። ሳምንቱን ሙሉ ለአሠሪ ሲጠርቡ ሰንብተው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለራሳቸው ይጠርቡ ነበር ይባላል። የአገራቸውን አጥቢያ እያሰቡ ግንቡን ወፍራም፣ መስኮቱን ጠባብ አድርገው ሠሩት፤ በስተ ምዕራብም አራት ማዕዘን ማማ አቆሙ። በማማው ውስጥ በመርከብ እስከ ሳቫና ወደብ፣ ከዚያም በባቡር የመጡ ስድስት ደወሎች ሰቀሉ። ሠርግም ሲኖር፣ ሰውም ሲሞት፣ ጦርነትም ሲያበቃ ለሰፈሩ የሚነገረው በእነዚያ ደወሎች ነበር።

አደዋወሉ እኛ ከምናውቀው የተለየ ነው። ዜማ የለውም። እያንዳንዱ ደወል የራሱ ገመድና የራሱ ሰው አለው፤ ገመዱ ሲሳብ ደወሉ አፉ ወደ ሰማይ እስኪዞር ይገለበጣል። ከትንሿ፣ ከአንደኛዋ ተጀምሮ እስከ ትልቁ እስከ ስድስተኛው በተራ ይደወላል። ከዚያ መሪው ሁለት ቁጥር ሲጠራ እነዚያ ሁለቱ ተራ ይለዋወጣሉ፤ ከኋላ የነበረው ይቀድማል፣ የቀደመውም ይዘገያል። እንዲህ ተራው ሲፈርስና ሲገጣጠም ይቆይና በመጨረሻ እንደ ነበረው ይመለሳል። አንድ ሰው ከቀረ ቀረ ነው። አንድ ሰው ግማሽ ሰከንድ ከዘገየ ደግሞ ድምፁ በደረጃ ላይ የተንከባለለ ድስት ይመስላል።

ይህን ለጋሽ ነጋሽ ያስተማሯቸው የአንዱ ድንጋይ ጠራቢ የልጅ ልጅ፣ ሚስ ዶረቲ ናቸው። ዛሬ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ያኔ ከደዋዮቹ አንዱ ሞቶ ተተኪ ሲፈልጉ፣ ጋሽ ነጋሽ ወለል ሲወለውሉ አይተው «ክንድህ ጥሩ ነው፣ ወደ ላይ ውጣ» አሏቸው። ወጡ፤ በዚያው ቀሩ። እሑድ ጠዋት የራሳቸውን ቅዳሴ አስቀድሰው፣ ነጠላቸውን መኪና ውስጥ አጥፈው እዚያ ይደርሳሉ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ግቢ «ነጋሽ እንግሊዝ ሆነ» እየተባለ ተተርቧል። ባለቤታቸው ኤልሳቤጥ ሳትቀር «እንግሊዙ ባሌ» ትላቸዋለች።

ዓመታት ሲያልፉ ደዋዮቹ እየሞቱ፣ እየደከሙ፣ ወደ ልጆቻቸው እየሄዱ አለቁ። የሚስ ዶረቲም ትከሻ እንቢ አለ። ባለፈው ጥር ከጋሽ ነጋሽ ጋር የቀሩት ሁለት ጡረተኞች ብቻ ነበሩ። በዚያው ወር የቤተ ክርስቲያኑ ቦርድ ተሰብስቦ ወሰነ፦ በጥቅምት መቶኛው ዓመት ሲከበር ስድስቱ ደወሎች በወጉ ከተደወሉ መልካም፤ ካልሆነ ማማው ይዘጋና ከስልክ የሚታዘዝ ስፒከር ተገዝቶ የተቀዳ ድምፅ ይለቀቃል።

«ሰው ሳይኖር የሚጮኽ ደወል ማንን ነው የሚጠራው?» አሉ ጋሽ ነጋሽ። ለሳምንት ያህል ቁጣቸው አልበረደም።

ከዚያ እኛን ለቀሙን። ግሩምን፣ የጭነት መኪና ነጂውን፤ የምሥራችን፣ ነርሷን፤ እኔንም ጭምር። የምሥራች ጴንጤ ናት። ፓስተሯ «የማን ጸሎት ነው የምትጸልዪው?» ቢላት «ጸሎት አይደለም፣ ማት ነው፤ ቁጥር ብቻ» ብላ መለሰችለት።

በየማክሰኞው ከሥራ ስንወጣ እንሰበሰብ ነበር። ገመድ መያዝ ብቻ አራት ወር ፈጀብን፤ እጃችን ተላጠ፣ ግሩምን አንድ ጊዜ ገመዱ ከመሬት አንሥቶ አወረደው። በነሐሴ ግን ከአንድ እስከ ስድስት በተራው ጥርት አድርገን ደወልን። ጡረተኞቹ አንደኛዋንና ሁለተኛዋን፣ እኔ ሦስተኛዋን፣ ግሩም አራተኛዋን፣ የምሥራች አምስተኛዋን ይዘናል። ከባዱን፣ ስድስተኛውን፣ ከጋሽ ነጋሽ በቀር የሚችለው የለም። የሚመሩትም እሳቸው ናቸው።

ችግሩ መለዋወጥ ስንጀምር መጣ። «አምስትና ስድስት» ብለው ሲጠሩ የምሥራች ወዲያው ታሳልፋቸዋለች፤ እንከን የለውም። «አራትና ስድስት» ሲሉ ግሩም ያሳልፋቸዋል። ይህም ደኅና። መልሰን እንድንቀድማቸው ሲጠሩ ግን እጃችን ይያዛል። ትልቁ ደወል አንዴ ፊት ከወጣ የሚያልፈው ይጠፋል፤ ከኋላው ሁላችን ተደራርበን እንንኳኳለን።

ጋሽ ነጋሽ በመጀመሪያ ገመዱን ጠረጠሩ። ቀጥለው የምሥራችን ጫማ፣ ከዚያ የግሩምን እንቅልፍ፣ ከዚያም የእኔን ጆሮ። ስድስት ማክሰኞ እንዲህ አለፈ። በየሳምንቱ ቦርዱ «እንዴት ናችሁ?» ሲላቸው፣ «ደኅና ነን» ብለው እየዋሹ ይመጣሉ።

ምክንያቱን ያገኙት ሚስ ዶረቲ ናቸው። ልምምዱን ከወንበራቸው ሆነው ይከታተሉ ነበር። አንድ ቀን ጨርሰን ስንወጣ፣ በማማው ጠባብ በር ላይ ሁላችን ቆመን ጋሽ ነጋሽ እስኪያልፉ ጠበቅን። አሮጊቷ ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። «ነጋሽ፣ በሩ ላይ የማይቀድሙህ ሰዎች በገመድ እንዴት ይቅደሙህ?» አሏቸው።

ጋሽ ነጋሽ ወደ የምሥራች ዞሩ። ልጅቱ አንገቷን ደፋች።

«ገመዱን ስትይዢ እኔ የለሁም። ያለው ቁጥር ብቻ ነው» አሏት።

«አውቃለሁ ጋሼ። እጄ ነው የማያውቀው። ሶሪ።»

«እጅሽ የማን ነው ታዲያ?»

«የእናቴ» አለች። «እሷ ናት እንዲህ ያሳደገችኝ።»

ግሩም ነገሩን ለማቅለል ብሎ፣ «እኔ በሃይዌይም ኦቨርቴክ አድርጌዎት አላውቅም፤ እርስዎ በሃምሳ ሲሄዱ ከኋላ በሃምሳ ነው የምከተለው» አለ። ጋሽ ነጋሽ አልሳቁም።

ያልሞከሩት የለም። ጀርባቸውን ሰጥተውን ደወሉ፤ ባሰ። ተቆጡን፤ የበለጠ ፈራናቸው። ለመኑን፤ ሽማግሌ ሲለምን ደግሞ ማን ይደፍራል? ሚስ ዶረቲ አንድ መላ አቀረቡ። በአገራቸው ገጠር የተለመደ ነው አሉ፤ ትልቁ ደወል ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይቆማል፣ አምስቱ ብቻ ከፊቱ ይለዋወጣሉ። ጋሽ ነጋሽ ፊታቸው ጠቆረ።

«ሃያ ዓመት የተማርኩት ተራ ሳልቀይር በር ላይ ለመቆም ነው? በር ላይ መቆሙንማ ፓርኪንጉ አስተምሮኛል» አሉ። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ቀኑ ደረሰ። እሑድ ጠዋት ግቢው በመኪና ተሞላ። የቦርዱ ሰብሳቢ ሰዓቱን እያየ ከማማው ሥር ቆሟል። ጀመርን። ከአንድ እስከ ስድስት ጥርት ብሎ ሄደ። መለዋወጥ ጀመርን። ትልቁ ደወል አንድ፣ ሁለት ደረጃ ወደ ፊት ወጣ። ከዚያ «አራት ይቅደም» ብለው ጠሩ። ግሩም ዘገየ። የምሥራች ደወል በእሱ ደወል ላይ ተደረበ፣ የእኔም በእሷ ላይ። ያ የድስት ድምፅ መጣ። ከታች ሰው ቀና ቀና ሲል በጠባቧ መስኮት ይታየኛል። ጋሽ ነጋሽ ደጋግመው ጠሩ፤ ላብ በአገጫቸው ይወርዳል። እኛም ልንቀድማቸው እንፈልጋለን፤ ግን አልሆነም።

ያን ጊዜ ገመዱን አንቀው ያዙት። ያ ከባድ ደወል አፉን ወደ ሰማይ እንደ ከፈተ ቆመ። አንድ ዙር ሙሉ አልደወሉም።

«እለፉ» አሉ። «ሁላችሁም እለፉ። ስድስት ኋላ ይቆያል።»

አለፍናቸው። ሁላችን ካለፍን በኋላ ትልቁ ደወል መጨረሻ ላይ ገባና ከዚያ አልተንቀሳቀሰም። እኛ አምስታችን ከፊቱ ስንቀያየር እሱ እያንዳንዱን ዙር ሲዘጋ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ያለ ስሕተት ተደወለ።

ታች ስንወርድ ሰዉ አጨበጨበ። የቦርዱ ሰብሳቢ የስፒከሩ ነገር ለአንድ ዓመት እንዲቆይ ተስማምተናል አለ። ጋሽ ነጋሽ ደረጃው ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን ያያሉ፤ ገመዱ ልጦታል። የምሥራች ቦርሳዋን ከፍታ ፋሻ አወጣች።

«ጋሼ፣ ሠራ እኮ» አለች እጃቸውን እየጠቀለለች።

«እናንተ ሠራችሁ። እኔ መጨረሻ ላይ ቆሜ ዋልኩ።»

በማክሰኞው የምሥራች ከሺፍት በቀጥታ፣ የሆስፒታል ልብሷን እንደ ለበሰች ከሁላችን ቀድማ መጣች። አምስተኛዋንና ስድስተኛውን ብቻ፣ ሁለታቸው እንዲለማመዱ ጠየቀች። እኔ ስደርስ እየደወሉ ነበር። ሃያ ጊዜ ጠሯት፤ አራት ጊዜ ቀደመቻቸው።

ጋሽ ነጋሽ ለሚስ ዶረቲ ስልክ ደውለው አማረሩ። ሴትዮዋ ምን እንዳሏቸው ኋላ ነገሩን፦ «አንተ እኔን ለመቅደም ሁለት ዓመት ፈጅቶብህ የለም ወይ?» ብለዋቸዋል።

«እርስዎስ ምን አሏቸው ታዲያ?» ብለን ጠየቅን።

«ቦርዱ የሰጠኝ አንድ ዓመት ነው አልኳት» አሉና ገመዱን አንሥተው ወደ የምሥራች ዞሩ።