ቬሪ ጉድ

ደርግ ከወደቀ ከብዙ ዓመት በኋላ በከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘበኛ ሆኜ ተቀጠርሁ። ፊደል የቆጠርሁት የኔታ ዘንድ ነው፤ ዳዊቱን ሳልጨርስ አባቴ ሞተና ወደ እርሻ ተመለስሁ። ስለዚህ ጽሑፌ ቢንሻፈፍ ታገሡኝ። ካልታገሣችሁም የራሳችሁ ጉዳይ ነው።

ልጄ እዚያው ትማር ነበር። አንዲት ናት፣ ሌላ የለኝም። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ከአማርኛ በቀር ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ሆነ፤ ሒሳቡም፣ የአፈሩም፣ የአየሩም ትምህርት። የአሥረኛን ፈተና ካለፈች ወደ መሰናዶ ትገባለች። ከወደቀች ያላት መንገድ ባል ነው፣ ወይ ዓረብ አገር። ባሉን እናቷ ቀድማ አግኝታላታለች። እኔ «ልጄ ትማራለች» ብዬ ሽማግሌዎቹን ከደጅ መለስኋቸው። በዚህ የተነሣ እናቷ ዓመቱን ሙሉ አኩርፋኝ ከረመች።

እንግሊዝኛውን የሚያስተምረው ግን ሰው አልነበረም። ፕላዝማ የሚሉት ትልቅ መስታወት ነው። በየክፍሉ በብረት ሳጥን ታስሮ፣ ጣራ ላይ በተሰቀለ ሳህን ከሰማይ እየተቀበለ ይናገራል። መምህሩ እጁን አጣጥፎ በር ጥግ ይቆማል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን የማስነሣው እኔ ነኝ። የጓሳ ተራራ ነፋስ ሳህኑን ሲያዞረው በጠፍር የማስረውም እኔ ነኝ። ሮጬ አስነሥቼ ስመለስ ግን ትምህርቱ ልጆቹን ትቶ ሄዷል። አይጠብቅም።

አንድ ቀን በመስኮት በኩል አዳመጥሁ። መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ አንድ ነገር ይጠይቅና ዝም ይላል። ልጆቹም ዝም። ከዚያ ፈገግ ብሎ «ቬሪ ጉድ!» ይላል። ደግሞ ይጠይቃል። ዝም። «ቬሪ ጉድ!»

ሲወጡ መምህሩን ያዝሁት። በዕድሜ ልጄ ስለሚሆን አንተ እለዋለሁ።

«ስማ መምህር፣ ይሄ ሰውዬ ምን አይቶ ነው ጉድ፣ ጉድ የሚለው?»

ሳቀ። «ጉድ አይደለም አባባ፣ ‹በጣም ጎበዝ› ማለቱ ነው።»

«ማንን?»

«ተማሪዎቹን ነዋ። ጥያቄውን ሲመልሱ።»

«ማን መለሰ?»

ሳቁን አቆመ። «ማንም።»

«እንግዲያ እኔ ነኛ ደኅና አድርጌ የሰማሁት! ጉድ ነው!»

«ምን ላድርግ አባባ? እሱ እየተናገረ እኔ አፌን ከከፈትሁ እገመገማለሁ።»

«የእኔ የኔታ ዓይነ ስውር ነበሩ» አልሁት። «አንዲት ፊደል ካጠፋሁ ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ለይተው ‹አንተ! መልሰህ በል!› ይሉኛል። ይሄ አያይ፣ አይሰማ። የማይሰማ እንዴት ያስተምራል?»

መጽሐፉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደሚቀጥለው ክፍል ሄደ።

እሑድ እሑድ ልጄን ከቤታችን ፊት ፀሐይ ላይ አስቀምጬ መጽሐፉን እንደ ዳዊት ጮክ ብላ እንድትደግም አደርጋት ነበር። ሌላ ዘዴ አላውቅም። የበግ ጠጉር ባናዬን ተከናንቤ አዳምጣለሁ፤ እሷ እንደ ወራጅ ውኃ ትወርደዋለች።

«ምን ማለት ነው ያነበብሽው?»

«አላውቀውም አባቴ።»

«አንዱንም?»

«‹ዘ› የምትለዋን አውቃታለሁ። እሷ ደግሞ ለብቻዋ ትርጉም የላትም ይላሉ።»

እናቷ ከውስጥ ሆና «ለባሏ ትድገምለት!» አለች።

ሰኞ በእንግሊዝኛው ሰዓት መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ አጠገብ ቁጭ አልሁ። ገመዱን አልሳብሁም። ርዕሰ መምህሩ መጥተው «ምን ሆነ?» ሲሉኝ፣ «አልነሣም አለ» አልኋቸው። ውሸት ነው። ያን ጊዜም አላፈርሁበትም፣ ዛሬም አላፍርበትም።

መምህሩ ጠመኔ አነሣ። ከእኔ ድንችና የገብስ ዛላ ለምኖ ወሰደ፤ ዱላዬንም ነጠቀኝ። አንዱን ያነሣና ይጠይቃል። ካልመለሱለት አያልፍም፣ ይጠብቃል። ሲሳሳቱ ይስቃሉ፣ እሱም ይስቃል፣ መልሶ ይጠይቃል። ያን ቀን የልጄን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከክፍል ሲወጣ ሰማሁ። «ማይ ፋዘር ኢዝ ኤ ጋርድ» አለች። ‹አባቴ ዘበኛ ነው› ማለቷ እንደሆነ ኋላ መምህሩ ነገረኝ። ከዚያ ወዲያ በእንግሊዝኛው ሰዓት መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተሩ ታመመ። ልጄም ቤት ስትገባ ላሟን በእንግሊዝኛ ታናግራት ጀመር። እናቷ፣ «ላሚቱ ግራ ገብቷት ወተት ከነሣችን ጥፋቱ የአባትሽ ነው» ትላለች። ከኩርፊያዋ ወዲህ የመጀመሪያ ቀልዷ ነበር።

አልቆየም። ከወረዳ ተቆጣጣሪዎች መጡ። አንደኛው ገመዱን ሳብ ሲያደርገው ወዲያው ተነሣ፣ ከዳተኛ ማሽን!

ርዕሰ መምህሩ «ምነው አባባ?» አሉኝ።

«እንግሊዝኛ ሲሆን ነው የሚታመም» አልሁ።

አልሳቁም። ጄኔሬተሩን ለሌላ ሰው ሰጡት፤ እኔ ከበሩ እንዳልነቃነቅ ታዘዝሁ። መምህሩም ወደ በር ጥጉ ተመለሰ። ተገመገመ ሲሉ ሰማሁ እንጂ እሱ አልነገረኝም። ድንች ግን ዳግመኛ አልጠየቀኝም።

የፈተናው ውጤት የመጣ ቀን ልጄ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ በምጠብቀው በር በኩል ወጣች። ሳትናገር ታልፈኛለች ብዬ ነበር። ቆመች።

«አባቴ፣ የጠየቁኝን ባውቀው ኖሮ መልሱን አውቀው ነበር።»

ይኸው ነው የነገረችኝ።

ባሉን እንቢ አለች። በዚህስ እኔን ነው የወጣችው። ከደጋው ወርዳ ዓረብ አገር ሄደች።

ዓመት ሳይሞላት ዓረብኛውን ተናገረች። መስታወት የለ፣ መጽሐፍ የለ፣ ጠመኔ የለ፤ ወጥ ቤት ውስጥ በአሠሪዎቿ ቁጣ ተማረችው። ለእንቁጣጣሽ ደውላ፣ «ላሚቱ ደኅና ናት?» እያለችኝ ሳለ አንዲት ሴት ከኋላዋ ጮኸች። ልጄ የእኔን መልስ ሳትሰማ «ሃዲር!» አለች። ስልኩ ተዘጋ።

ከቆላ እየወጣ ሞላሌ ገበያ ጨርቅ የሚሸጥ እስላም ወዳጅ አለኝ፤ ቁርኣን የቀራ፣ ዓረብኛ የሚያውቅ ነው። ጠየቅሁት።

«‹አለሁ› ማለት ነው» አለኝ። «ሲጠሩህ ቶሎ የምትለው።»

ፕላዝማዎቹ ተበላሽተው ዕቃ ቤት ገብተዋል፤ አቧራ ለብሰዋል። እኔም አርጅቼ ከበሩ አልተነሣሁም። ጠዋት ጠዋት መምህራኑ ስም ሲጠሩ ይሰማኛል፤ ልጆቹ በየተራ «ፕሬዘንት» ይላሉ። ይህንንም መምህሩ ነው ያስረዳኝ፤ ‹አለሁ› ማለት ነው። እሷም እዚህ ሳለች እንዲያ ትል ነበር። ስም ጥሪው ሲጀመር አሁን አሁን እንዳልሰማው ከበሩ ውጭ ወጥቼ መንገዱ ላይ እቆማለሁ።