ሁሴን ያለበት ፊልም

ልጅ እያለሁ የወሩ መጽሐፍና የወሩ ፊልም የሚባሉ ነገሮች ነበሩን። ዛሬ በየወሩ መጨረሻ ያነበብኳቸውን መጻሕፍትና ያየኋቸውን ፊልሞች እየዘረዘርኩ፣ የወደድኩትን አወድሼ የጠላሁትን አብጠልጥዬ ለጥቂት ወዳጆቼ ስጽፍላቸው፣ «ይህን አመል ከየት አመጣሽው?» ይሉኛል። ከዩኒቨርሲቲ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ያመጣሁት ከአሶሳ ሰፈራ፣ ስም የሚያወጣላቸው ጠፍቶ በቁጥር ይጠሩ ከነበሩት መንደሮች ከአንዱ ነው። የዚያ ዘመን ልጆች የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ እርጥብ ቀርከሃ የሚሸትበት፣ ሣሩ ከሰው ቁመት የሚበልጥበት፣ ከወሎ ደረቅ አፈር ተነቅለን መጥተን ዝናቡን እንኳ የፈራንበት አገር።

የመሠረተ ትምህርት አስተማሪያችን ጋሽ መኮንን ከጎጃም የመጣ ቀጭን ወጣት ነበር። ሲመጣ ልብሱን በትንሽ ሻንጣ፣ መጻሕፍቱን በትልቅ የእንጨት ሳጥን ይዞ መጣ። ግማሾቹ ስለ ትራክተርና ስለ ጥጥ ተባይ የሚያወሩ ነበሩ፤ እሱ ግን ለሁሉም እኩል ፊት ያሳይ ነበር። በየወሩ አንዱን ይመርጥና፣ ቶሎ ማንበብ የለመድኩት እኔ ስለነበርኩ፣ ከእርሻ ለተመለሱት እናቶችና አባቶች ጮክ ብዬ አነባለሁ። ወሩ ሲያልቅ ደግሞ አንድ ደብተር ይዘረጋል። ምን አነበብን? ምን አየን? ምን ተሰማን? ሰዉ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ግልባጩ ከሰፈራ ጣቢያው ሪፖርት ጋር አሶሳ ወዳሉት አለቆች ይሄዳል። የዐሥር ዓመት ልጅ ሆኜ አለቆች የሚያነቡት ነገር መጻፌ ልቤን አሳብጦት ነበር፤ ውሃ ቅጂ ስባል መለገም ሁሉ ጀምሬ ነበር።

በጣም የወደድነው መጽሐፍ መጨረሻው የሌለው ልቦለድ ነበር። የመጨረሻዎቹን ቅጠሎች አንድ የጥበቃ ሚሊሺያ ትንባሆ ጠቅልሎባቸው አጭሷቸዋል። ጋሽ መኮንን ተናዶ ሲያበቃ፣ «እንግዲህ መጨረሻውን እናንተ ጨርሱት» አለን። ወር ሙሉ ክርክር ሆነ። አንዱ ልጅቷን ለሀብታሙ ዳራት፣ ሌላዋ ሀብታሙን ገደለችው፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ሁሉንም ወደ አገራቸው መልሰው ዝናብ አዘነቡላቸው። ተራው እናቴ ላይ ሲደርስ፣ መጽሐፉ ውስጥ የጠፋ ልጅ የሚባል ሳይኖር፣ «ሌላው እንደፈለገ ይሁን፤ የጠፋው ልጅ በበሩ ይግባ» አለች። ማንም አልሳቀም። እኔም እንዳለችው ጻፍኩት።

የጠፋው ልጅ ወንድሜ ሁሴን ነው። አባታችን ወሎ ውስጥ ከነበረው የረሃብተኞች መጠለያ ሳንደርስ መንገድ ላይ ሞተ፤ መጠለያው የገባነው እናቴ፣ ሁሴንና እኔ ነን። ለሰፈራ በምንጫንበት ጠዋት እናቴ ሁሴንን ውሃ እንዲቀዳ ላከችው። «ለመንገድ ይሆነናል፣ ቶሎ ተመለስ» አለችው። እሱ ሳይመለስ ስማችን ተጠራ። እናቴ «ልጄ!» እያለች ብትጮህ «በሚቀጥለው መኪና ይመጣል» ብለው ገፍተው አስገቧት። የሚቀጥለው መኪና የት እንደሄደ የሚያውቅ ግን አልተገኘም። አንዱ መተከል ነው አለ፣ ሌላው ጋምቤላ። እናቴ የገፏትን ሰዎች ስትረግም ሰምቼ አላውቅም። «የላክሁት እኔ ነኝ» ብቻ ትል ነበር። ስትፈጭም፣ ስታርምም፣ ሰግዳ ስትነሣም፣ የላክሁት እኔ ነኝ።

አንድ ዓመት ሲሞላን እናቴ በእግሯ መተከል ልትሄድ ቆረጠች። ያለፈቃድ ከጣቢያው የወጣ እንደሚያዝ፣ የተያዘም እንደሚገረፍ ሁላችንም እናውቃለን። ምክር የጠየቀችው ሼህ ሀሚድን ነው። ሼህ ሀሚድ የአገሩ ተወላጅ፣ በርታ ናቸው፤ በአህያ ማንጎ ጭነው እስከ መንጌና ባምባሲ እየዞሩ ይነግዳሉ፣ በደረሱበት ሁሉ ስለ ሁሴን ይጠይቁልናል። አማርኛቸው እናቴን «አንተ» ይላታል፤ እሷም አትቆጣም።

«እናት፣ አንተ በእግር አይሄድም» አሏት። «መተከል ሩቅ ነው። መሐል ላይ አባይ አለ። አንተ ይሞታል፣ ይሄ ልጅ ብቻውን ይቀራል። ሰብር አድርግ፣ ታገሥ።»

እናቴ ሰብር አላደረገችም። ቂጣ ጋግራ በጨርቅ ቋጥራ ከራስጌዋ አስቀመጠች። ይዛኝ ትሂድ ወይስ ትታኝ አልነገረችኝም። ስንት ሌሊት ቀሚሷን ጨብጬ እንደተኛሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ፊልሙ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። በየወሩ ፊልም ይዞ የሚዞረው መኪና ሳይመሽ ጭቃውን ተሻግሮ አሶሳ መግባት ስላለበት እኛ ፊልም የምናየው በቀትር ነበር። ለዚህ መላ ያገኘው ጋሽ መኮንን ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ የእርዳታ ብርድ ልብሱን ይዞ ይመጣና በአዳራሹ የቀርከሃ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ ብርድ ልብስ ያላመጣ አይገባም። ከውጭ የሚያናጥር ፀሐይ፣ ከውስጥ ድቅድቅ ጨለማ፣ የላብና የናፍጣ ሽታ። በቀዳዳ ብርሃን ከገባ «ይሄ የማን ብርድ ልብስ ነው?» ይባልና ባለቤቱ እስኪበቃው ይሰደባል። ደግነቱ ስድቡም የፊልሙ አካል ነበር።

የዚያ ወር ፊልም ስለ ሰፈራ ነው። ትራክተር ያርሳል፣ በቆሎ ይሸለቀቃል፣ አንድ ወፍራም ድምፅ ያብራራል። እኔ ከኋላ ከልጆች ጋር እጋፋለሁ። ድምፁ «ወገኖቻችን በአዲሱ ቀያቸው» ሲል ጣሳ የያዙ ልጆች ተሰልፈው ታዩ፤ ወዲያው የእናቴን ጩኸት ሰማሁ። «ሁሴን! ሁሴንየ!» ተነሥታ ሮጣ ፊልሙ የሚታይበትን አንሶላ ጨበጠች። ሥዕሉ እሷው ላይ አረፈ፤ ልጆቹ በነጠላዋና በጀርባዋ ላይ ይንቀሳቀሱ ጀመር። የመኪናው ሰው «እናቴ፣ ይቀመጡ እንጂ፣ ሰው ከለሉ» አላት። ጎትተው ሲያስቀምጧት ልጆቹ አልፈው ትራክተሩ ተመልሶ ነበር።

አዲሱ ቀዬ የቱ እንደሆነ ሰውየውን ብንጠይቀው አያውቅም። የሱ ሥራ ፊልም ማሳየት እንጂ ማንሳት አይደለም። ለእናቴ ግን ያ በቂዋ ነበር። ልጇ በሕይወት አለ፣ በዐይኗ አይታዋለች፣ ጣሳ ይዟል፣ ስቋል። ያን ጊዜ ለእኛ ፊልም ማለት መስኮት ነው፤ የሚታየው ሁሉ አሁን፣ በዚያችው ሰዓት፣ የሆነ ቦታ የሚሆን ይመስለን ነበር። እናቴ የደረቀውን ቂጣ ከራስጌዋ አውጥታ በውሃ አርሳ አበላችኝ። «ፊልሙ ተመልሶ ይመጣል» አለችኝ። «ያን ጊዜ አገሩን አስተውለን እናያለን። ተራራውን፣ ዛፉን ለሼህ ሀሚድ እንነግራቸዋለን፤ እሳቸው ያውቁታል።»

በሚቀጥለው ወር ሌላ ፊልም መጣ። ከዚያም ሌላ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እናቴ ወር ባለቀ ቁጥር ከጎኔ ተቀምጣ ታስጽፈኝ ጀመር። ልጄን በፊልም አየሁት ብትል ማን ይሰማታል? ስለዚህ እኔ ከነዚያ የትራክተር መጻሕፍት ቋንቋ ተበድሬ፣ «ስለ ሰፈራ የታየው ፊልም እጅግ አስተማሪ ሆኖ ስላገኘነው ሰፊው ሕዝብ በድጋሚ እንዲታይለት ይጠይቃል» ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ መኮንን አነበበው፣ ቀና ብሎ አየኝና ፈረመበት። የወሩ መጽሐፍ ስለ ንብ ቢሆንም፣ የወሩ ፊልም ስለ ወባ ቢሆንም፣ የምጽፈው አስተያየት ማለቂያው ያው ነበር። ስለ ፊልም መጻፍ የጀመርኩት እንግዲህ በልመና ነው።

ክረምቱ ሲገባ እናቴን ወባ ጣላት። ኪኒኑ ለሁለት ቀን ያስነሣታል፣ በሦስተኛው ትወድቃለች። ትኩሳቱ ሲበረታ «ሰዓዳ፣ መኪናው መጣ?» ትለኛለች። በክረምት መኪና እንደማይገባ እያወቅሁ «ነገ» እላታለሁ። እየተመናመነች ሄደች፤ ጎረቤቶቻችን እሷን አይተው እኔን ማየት ጀመሩ፣ ምን እያሰቡ እንደሆነ ይገባኝ ነበር። መንገዱ በደረቀ በሳምንቱ መኪናው መጣ። የጻፍነውን አለቆቹ ወደውት ኖሮ ያንኑ ፊልም ይዞልን መጣ።

እናቴን በቃሬዛ ተሸክመው ከአንሶላው ፊት አስቀመጧት። እኔም ብርድ ልብሳችንን ከላይዋ ገፍፌ ልሰቅለው ተነሣሁና መልሼ አለበስኋት። እየተንቀጠቀጠች «ስቀይው» አለችኝ፣ «ብርሃን እንዳይገባ።»

ልጆቹ መጡ። አሁን ከፊት ነኝና ሁሉንም አየሁ። ሁሴን ነው። ወላሂ ሁሴን ነው፤ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍነው እንኳ ያው ነው። እናቴ እጄን ጨመቀችው። እኔ ደግሞ እንዳዘዘችኝ አገሩን ለማየት ከሁሴን ኋላ ተመለከትኩ። ከኋላው ጭንቅላቷን የተላጨች ትንሽ ልጅ ቆማለች፤ የለበሰችው የወንድ ካፖርት መሬት ይጠርጋል፣ አንዱ እጅጌው የለም። ያንን ካፖርት መጠለያው ውስጥ ነው የሰጡኝ። እጅጌውን የቀደደው ሁሴን ነው፣ የቆሰለ እግሩን ሊጠቀልልበት። ልጅቷ እኔ ነበርኩ። ፊልሙ ውስጥ ከጎኔ አጥንቷ የገጠጠ፣ ዐይኗ የጎደጎደ ሴትዮ ቆማለች፤ አንድ እጇ እኔን ይዟል፣ ሌላው ሁሴን ትከሻ ላይ ነው። አዲስ ቀዬ የሚባል የለም። ያ ወሎ ነው፣ መጠለያው ነው፣ ሁሴን ውሃ ሊቀዳ ከመላኩ በፊት ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ለካ ፊትም ባዳ ነው። እናቴ በዕድሜዋ ስንት ጊዜ መስታወት እንዳየች አላውቅም፤ ያን የረሃብ ፊቷን ግን አንድም ቀን አላየችውም። ዐይኗ ከሁሴንና ትከሻው ላይ ካለው እጅ ስላልተነቀለ እኔንም አላስተዋለችኝም።

«አየሽው?» አለችኝ።

«አየሁት።»

«አልከሳም፣ አይደል?»

«አልከሳም፣ እማየ።»

«አገሩንስ?»

ብነግራት እዚያው ቃሬዛው ላይ ትሞትብኛለች፤ ወይም ድና ትነሣና ቂጣዋን ትቋጥራለች። «ለምለም ነው» አልኳት፤ «ዛፍ አለበት።»

«ሴትዮዋንስ? እጇን ትከሻው ላይ ያደረገችዋን?»

«አየኋት።»

እናቴ ሁለት እጇን ዘረጋች። «ያ ረቢ፣ ማን እንደሆነች አላውቃትም። የኔን ልጅ የያዘችውን አንተ ያዛት። እኔ የላክሁትን እሷ ተቀበለችልኝ» አለች። በዙሪያችን የነበሩት ሴቶች «አሚን» አሉ። እኔም አሚን አልኩ።

እናቴ ዳነች። መተከል መሄዷን ተወች፣ «የላክሁት እኔ ነኝ» ማለቷንም ተወች። ሼህ ሀሚድ እኔ የነገርኳትን ለምለም አገር፣ ያንን ዛፍ፣ እስኪታክታቸው ፈለጉ። አህያቸው ስትመለስ ባየሁ ቁጥር ከቤት እወጣና እደበቅ ነበር፤ እንዲፈልጉ ያደረግኋቸው የሌለ አገር ነውና። እውነቱን ብናገር ኖሮ ሌላ ቦታ፣ በሌላ መንገድ ይፈለግ ነበር ይሆን? ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ተሸክሜዋለሁ፣ አልቀለለኝም። ሁሴን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ዛሬ ልጆቼ ፊልም በስልካቸው ያያሉ። ሲፈልጉ ያቆሙታል፣ ወደኋላ ይመልሱታል፣ የሰውን ፊት አቅርበው ያጎሉታል። በኛ ጊዜ ያለፈ አለፈ ነው፤ አንዲት ፊት ደግሞ ለማየት ክረምት ከበጋ መለመን ነበረብን። የምጽፍላቸው ወዳጆቼ «አንቺ ዋናውን ተዋናይ ትተሽ ከኋላ ስለቆሙት ነው የምታወሪው» እያሉ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ፤ እውነታቸውን ነው።

እናቴ የሞተችው አምና ነው፤ አርጅታ፣ አሶሳ ከተማ፣ እኔ ቤት። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ያችን ሴት ከዱዓዋ አንድ ቀን ነጥላት አታውቅም። በመጨረሻው ሳምንቷ አጠገቧ አስቀመጠችኝና፣ «ሰዓዳየ፣ አንች ጽሑፍ ትጽፊያለሽ፣ ብዙ ሰው ታውቂያለሽ» አለችኝ። «ያችን ሴት ካገኘሻት፣ በሕይወት ካለች፣ እጇን ሳሚልኝ።»

እሺ አልኳት። ጎንበስ አልኩና እጇን ሳምኩ።

«ምነው?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት።