በዘውድነሽ ሠርግ ላይ የተቀዳው ሲንተሳይዘር

ጋሽ እንዳሻው ራሳቸውን የሚያስተዋውቁት «ሙዚቀኛ ነኝ» ብለው ነው። የጭሮ ከተማ ግን የምታውቃቸው በሠርግ ቪዲዮ ቀራጺነታቸው ነው። በወጣትነታቸው ከገለምሶ አንድ ካሜራና አንድ ኪቦርድ ይዘው መጡ። በካሜራው እንጀራ በሉ፤ በኪቦርዱ ጎረቤት አሰለቹ። የሚጫወቱት በአንድ ጣት ነው። ምቱን ማሽኑ ራሱ ይመታዋል፤ ማስነሻውን መጫን ግን የሳቸው ጥበብ ነበር።

በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ሲንተሳይዘር ስለሚባሉ፣ በኤሌክትሪክ ድምፅ ስለሚፈጥሩ አሮጌ የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚያወራ የውጭ አገር ፕሮግራም በየሳምንቱ ያሳይ ነበር። አንድ ባለ መነጽር ሰውዬ ቁም ሣጥን የሚያህል መሣሪያ ፊት ቆሞ ገመድ ከአንዱ ቀዳዳ ነቅሎ ሌላው ላይ ይሰካል፤ መሣሪያው እንደ ታመመ ግመል ያጓራል። ጋሽ እንዳሻው ይህን ሲያዩ እንባቸው ይመጣል። መቅጃ ነበራቸው፤ ባዶ ካሴት ግን አልነበራቸውም። መደርደሪያው ላይ የሰው ሠርግ ሞልቷል።

ዘውድነሽ የሠርጓን ካሴት ልትወስድ ስትመጣ «ሻጋታ በላው፤ የቆላ ሙቀት አይደል» አሏት። ጭሮ ቆላ አለመሆኗን ማንም አላነሣም። የጫት ነጋዴው ሙሜ በደሳ ከተማ ላይ የተሞሸረበትን ካሴት ደግሞ ዝናብ ገባበት ተባለ።

አምና ማቲዎስ የሚባል አጥኚ ስለ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የድሮ የቴሌቪዥን ቅጂዎችን ሲያፈላልግ ከአዲስ አበባ ጋሽ እንዳሻው ቤት መጣ። አንዱን ካሴት ገና ሲያጫውት ከወንበሩ ተነሣ።

«ጋሼ፣ ይህ እኮ ሌላ ቦታ የለም! እርስዎ ቅርስ ጠባቂ ነዎት!»

«ማን ያውቅልኛል ብለህ ነው» አሉ ጋሽ እንዳሻው፣ አንገታቸውን ደፍተው። በልባቸው ግን ሐውልታቸውን የት እንደሚያቆሙት እየመረጡ ነበር።

በአንድ ሆቴል አዳራሽ ትልቅ ዝግጅት ተደረገ። ከተማው ተጠራ። አንድ ሹም «ሲንተሳይዘር» የሚለውን ቃል በየዓረፍተ ነገሩ በተለያየ መንገድ እየጠሩ፣ የአካባቢው እሴት መሆኑን ረጅም ጊዜ ወስደው አስረዱ። ከዚያ ማቲዎስ የባለ መነጽሩ ሰውዬ ፎቶ ከተሰቀለበት ግድግዳ ፊት ቆሞ ካሴቱን ከፍ አድርጎ አሳየ።

«ጀርባው ላይ ‹ዘውድነሽና ገብሬ› ይላል። የፕሮግራሙ ተርጓሚዎች ይመስሉኛል።»

ከባሏ ከገብሬ ጎን ተቀምጣ የነበረችው ዘውድነሽ ተነሣች።

«ተርጓሚ አይደለሁም፤ ሙሽራ ነኝ።»

ወደ መድረኩ ዞረች።

«ጋሽ እንዳሻው፣ ሻጋታው ይኼ ባለ መነጽር ሰውዬ ነው?»

«ልጄ፣ ሠርግ ሁሉ አንድ ነው» አሉ፣ ሳያፍሩ። «ሙሽራ ይገባል፣ ይበላል፣ ይጨፈራል። ይህ ግን ጥበብ ነው!»

«ወላሂ፣ የኔንም ዝናብ አሳዩኝ!» ብሎ ሙሜ ከኋላ ጮኸ።

ማቲዎስ ግራ ቢገባው ካሴቱን ከፈተው። ሰውዬው ገመዱን ሰካ፣ ግመሉ አጓራ፣ ፕሮግራሙ አለቀ። ወዲያው ስክሪኑ ተርገበገበና ከሠርጉ የተረፈው መጨረሻ ብቅ አለ። ሙሽራው ገብሬ አፉን ከፍቶ ተኝቷል፤ ቬሎ የለበሰችው ዘውድነሽ ብቻዋን ኬክ ትበላለች። ሰው በሳቅ ፈረሰ።

«ያን ቀን ደክሞኝ ነው» አለ ገብሬ።

«ከዚያ ወዲህስ መቼ ነቃህ?» አለችው ዘውድነሽ።

የሙሜ ካሴት ግን እስከ ጫፉ ሲንተሳይዘር ሆኖ ተገኘ። ከሠርጉ አንዲት ጭብጨባ እንኳ አልተረፈችም። ሚስቱ ረዲያ ሻሿን አስተካክላ ወጣች።

ማቲዎስ ቅጂዎቹን ኢንተርኔት ላይ ሲለቅ የሠርጉን ቁራጭ ሊቆርጠው ፈልጎ ነበር። ዘውድነሽ «ከነካኸው ካሴቴን መልስ» ስላለችው እንዳለ ለቀቀው። የውጭ አገር አድናቂዎች ከሁሉ በላይ የወደዱት ኬክ የምትበላውን ሙሽራ ነው። በማሽን ዘመን የሰውን ብቸኝነት የሚያሳይ ረቂቅ ጥበብ ነው ብለው ጻፉ። ጋሽ እንዳሻው ይህ ተተርጉሞ ሲነገራቸው ሐሳቡ ከመጀመሪያው የሳቸው እንደነበር ገለጹ።

ሙሜ እስካሁን ሰላም አይላቸውም።