የሰሚራ ፍላሽ ቫይረስ አልነበረበትም

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳን አልተናገርኩም። ሁለት ጊዜ ልናገር ብዬ ልደታ ማርያም ድረስ ሄጄ፣ ሁለቱንም ጊዜ ጾም ስለ መግደፍ አውርቼ ተመለስኩ። "አባ፣ ኮምፒውተር ነካክቻለሁ" ተብሎ ንስሐ ይጀመራል? ኮምፒውተር መነካካት ኃጢአት ነው እንዴ? ኃጢአቱ ከዚያ ቀጥሎ ነው የሚመጣው፤ ግን ከመነካካቱ ካልጀመርኩ እሱ ጋ አልደርስም። እባካችሁ ታገሡኝ።

መጻፍ እንደምችል ያወቅኩት ዘንድሮ ነው። የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው አነበቡት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እጄ አላርፍ ብሏል። ስለ ታክሲ ሰልፍ እጽፋለሁ፣ ደረጃችን ላይ ስለምትተኛው ድመት እጽፋለሁ፣ ደስታው ሊገድለኝ ነው! ግን ልክ ደስ ሲለኝ ያ ቅዳሜ መጥቶ መሐል ላይ ይቀመጥብኛል። ስለ ድመት የምጽፍ ልጅ ስለዚያ ቅዳሜ የማልጽፈው ለምንድን ነው?

የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፤ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። ከበራችን ትይዩ የእነ ሰሚራ በር ነው። ሰሚራ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። እናቷ እትዬ ዘይነባ የወሎ ሰው ናቸው፤ አጎቷ ጌጃ ሰፈር ኮምፒውተር ይጠግናል። እሷም ትምህርት ከሌላት እዚያ ስለምትውል ስለ ኮምፒውተር የብሎካችን አዋቂ እሷ ነበረች። የእኛንም ኮምፒውተር ከአሮጌ ዕቃ ገጣጥሞ የሰጠን አጎቷ ነው። የገዛነው ለእማዬ ነው። እማዬ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፤ ስድስት ዓመት በማታ ተምራ ዲግሪዋን ለመያዝ የቀራት የመመረቂያ ጽሑፏ ብቻ ነበር።

ኮምፒውተሩ ቀርፋፋ ነበር። አንድ ነገር ስትከፍቱ ሆዱ ውስጥ ክርክር እያለ ያስጠብቃችኋል። እኔ ደግሞ መጠበቅ አልወድም። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ኢንተርኔት ላይ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ፦ ኮምፒውተሩ ራሙ፣ ማለትም ለጊዜው የሚሠራበት ቦታ፣ ሲሞላበት የተረፈውን ሃርድ ዲስኩ ላይ ያስቀምጣል፤ ይህ ቨርቹዋል ሜሞሪ ይባላል፤ ዲስኩ ቀርፋፋ ስለሆነ ግን ሁሉንም ነገር ያጓትታል፤ ዝጉት፣ ይከንፍላችኋል። ሮጬ ለሰሚራ ነገርኳት።

"ራማችሁ እኮ አንድ ጊጋ ብቻ ነው። እንዳትነኪው!" አለችኝ።

"ፈርተሽ ነው።"

"ቆይ፣ እናንተ ቤት ድግስ ሲኖር ሶፋችሁ የት ነው የሚሄደው?"

"እናንተ ቤት ነዋ።"

"በቃ፣ ሃርድ ዲስኩ እኛ ነን በይው። በራችንን ከዘጋሽብን ሶፋው የት ይሂድ?" ብላ ሳቀች።

እውነቷን ነው። የኮንዶሚኒየም ቤት እንደምታውቁት ነው፤ ድግስ ወይ ለቅሶ ሲመጣ ዕቃ ወጥቶ ትይዩ ጎረቤት ካልገባ ሰው መቀመጫ የለውም። ሶፋችን የእነ ሰሚራን ሳሎን ግድግዳ ከመፋቁ ብዛት የራሱን ምልክት ትቶበታል። በዒድ ደግሞ የእነሱ ቁም ሳጥን እኛ መኝታ ቤት ይከርማል። ምሳሌዋ ወዲያው ገባኝ። ስለገባኝም ነው የተናደድኩት። ሁልጊዜ እሷ አዋቂ፣ ሁልጊዜ እኔ ጠያቂ?

ዓርብ ከትምህርት ቤት ተመልሼ ዘጋሁት። እኔ ነኝ የዘጋሁት፤ በገዛ ጣቴ። ያነበብኩት ጽሑፍ መጻፊያው ወርድ በየደቂቃው በራሱ ሴቭ የሚያደርገውንም አጥፉት ይል ነበር፤ እሱንም አጠፋሁት። ሪስታርት አደረግኩት። ከነፈ! ክርክሩ ጠፋ። ብቻዬን ሳሎን ውስጥ ዘለልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰሚራ መጥታ ፍላሿን ሰካች፤ የትምህርት ቤት ጉዟችንን ፎቶዎች ገለበጠችልን።

"ምን አደረግሽው? ፈጥኗል" አለችኝ።

"ምስጢር ነው።"

ስክሪኑን አየት አድርጋ ፍላሿን ነቅላ ሄደች።

ከምሳ በኋላ እማዬ ተቀመጠች። እማዬ ጽሕፈት የተማረችው በጽሕፈት መኪና ነው። እዚያ የመታሽው ፊደል ወረቀቱ ላይ ቀርቷል፤ ማንም አይወስድብሽም። ስለዚህ ሴቭ የምታደርገው ወረቀት ከመኪናው እንደምትመዝ ሁሉ ጨርሳ ስትነሣ ብቻ ነው። ይህን አውቅ ነበር። አውቅ ነበር! ስካን የተደረጉ ሰነዶቿን፣ ሥዕሎቿን ሁሉ ጎን ለጎን ከፍታ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጻፈች። ጣቶቿ ሲሮጡ እኔ ሶፋው ላይ ተጋድሜ እየሰማሁ "በእኔ ነው የፈጠነላት" እያልኩ እኮራ ነበር።

"ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው የሚለው?"

ተነሥቼ አነበብኩት። በእንግሊዝኛ ሜሞሪ አልቋል ይላል። በዚያች ሰከንድ ሁሉም ነገር ገባኝ። ምንም ሳልነካ ድርቅ አለ፤ ከዚያ ወርድ ራሱን ዘጋ። ስንከፍተው ከምሳ በፊት የነበረው ብቻ ቀርቷል። አሥራ አራት ገጽ የለም። ማስረከቢያው ሰኞ ነው።

እማዬ አልጮኸችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ "ዛሬ ይህን ኮምፒውተር ማን ነው የነካው?" አለች።

አፍ ነበረኝ። ቋንቋ ነበረኝ። "ሰሚራ ፍላሽ ሰክታ ነበር" አልኩ።

አያችሁ? አንድም የሐሰት ቃል የለበትም። እንዲህ ያለ ውሸት የሚያስተምር የለም፤ እኔ ግን በአንዴ ቻልኩበት።

"ቫይረስ!" አለች እማዬ። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ምንም ነገር ቢበላሽ ባለሙያው ቫይረስ ነው ይላል፤ ቫይረስ ደግሞ የሚመጣው ከሰው ፍላሽ ነው። ኮሪደሩን ተሻግራ አንኳኳች። "ዘይነባ፣ የልጅሽ ፍላሽ ሥራዬን በላው! የበሽተኛ ኮምፒውተር ሁሉ ከሚሰበሰብበት ሱቅ አምጥታ እኔ ቤት ትሰካለች?" እትዬ ዘይነባ ሰሚራን ጠሩ። እኔ በራችን ላይ ቆሜ ነበር። ሰሚራ በእማዬ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃት ነበር። ጠበቀችኝ፤ እንድናገር ጊዜ ሰጠችኝ። አልተናገርኩም።

"ይቅርታ እትዬ" አለች። "ሁለተኛ አላመጣውም።"

እና እኔ ምን አደረግኩ? እማዬ ገና እዚያ ሳለች ወደ ውስጥ ገብቼ የዘጋሁትን ከፈትኩ፣ ያጠፋሁትን መለስኩ፣ ማንም ቢያይ እንዳያገኝ አስተካከልኩት። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ከሁሉ የምጠላው እሱን ነው፤ እጄ አለመንቀጥቀጡን።

እማዬ እሑድን ሙሉ ከወንበር ሳትነሣ እንደገና ጻፈችው፤ ሰኞ አስረከበች። ሰሚራ ግን እስከ እማዬ ምርቃት ድረስ በራችንን አልረገጠችም። እናቶቹም ደረጃ ላይ ሲገናኙ ሰላምታቸው አጠረ። የሰሚራን አጎት ሱቅ ስም እማዬ ለጎረቤት በክፉ ስታነሣ ሰማሁ፤ ሰምቼም ዝም አልኩ።

ሐምሌ ላይ እማዬ ተመረቀች። ቤታችን በሰው ሊሞላ ነው። አባዬ ሶፋውን ከአንድ ጫፍ ይዞ፣ እኔ ከሌላው ጫፍ ይዤ ወደ ኮሪደሩ አወጣነው። አባዬ ቆመ። "እሺ፣ የት ይሂድ?" አለ። እዚያው ተውነው። ኮሪደራችን ክፍት ነው፤ ትንሽ ቆይቶ የሐምሌ ዝናብ ወረደ፤ ነፋሱ እየገፋ ሶፋው ላይ አዘነበው።

የትይዩው በር ተከፈተ። "ኧረ ምን ጉድ ነው!" አሉ እትዬ ዘይነባ። "ሰው ቢኳረፍ ሶፋው ምን አደረገ? አስገቡት!"

አባዬ እየሳቀ አነሣ። በእኔ ጫፍ አንድ ሰው መጥቶ አብሮኝ ያዘ፤ ሰሚራ ናት። በሩ መሐል ስንደርስ በጆሮዬ፣ "ቨርቹዋል ሜሞሪውን መለስሽው?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ጥሩ" አለችና ሶፋውን አስቀምጣ ወጣች።

ታውቅ ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ።

እማዬ ደስታዋ ብዛቱ! ያን ቀን እነ ሰሚራንም ወደ ድግሱ ጠርታ በሰው ፊት ሰሚራን አቅፋ፣ "በቃ ልጅ ናት፣ ይቅር ብያታለሁ" አለች። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ሰሚራ ባላጠፋችው ጥፋት ይቅርታ ተቀበለች፤ አጥፊዋ ጎኗ ቆማ አጨበጨበች። ከዚህ የባሰ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ሰሚራም ልጅ ነበረች። ፈርቼ ነው አልልም፤ እማዬ መትታኝ አታውቅም። የፈራሁት አላዋቂ መባልን ብቻ ነው፤ ለዚያ ስል የጓደኛዬን ስም ሰጠሁ።

ይህን የምጽፈው በዚያው ኮምፒውተር ነው። በየመስመሩ ሴቭ አደርጋለሁ። ያው ክርክር ይላል፣ እጠብቀዋለሁ። እማዬ ከኩሽና፣ "ዛሬ ደግሞ ምን ጻፍሽ? ነይ አንብቢልኝ" ትለኛለች፤ ድርሰቶቼን መስማት ትወዳለች።

አነብልሻለሁ እማዬ። ግን መጀመሪያ የትይዩውን በር ላንኳኳ። ሰሚራ መጥታ ሶፋችን ላይ፣ ካንቺ አጠገብ ትቀመጥ። እኔ ቆሜ አነባለሁ።