ከግድግዳ እስከ ግድግዳ

ዛሬ ልጄን ዌምብሊ ለፉትሳል፣ ለአዳራሽ እግር ኳስ፣ ልምምድ ሳደርሳት፣ የጫማ ሶል በአዳራሹ ወለል ላይ ሲፋጭ ሰማሁ። በዘጠናዎቹ እኔም በልጅነቴ እዚሁ አቅራቢያ ዊልስደን ውስጥ እንዲህ ባለ አዳራሽ እጫወት ነበር። አንድ ቅዳሜ ተቀያሪ አልነበረንም። ብሮጥ ግድግዳ፣ ብመለስ ግድግዳ ሆነብኝ፤ ትንፋሽ አጠረኝ።

«አባዬ፣ አልቻልኩም፤ ልውጣ» አልኩት ዳር ላይ ለቆመው አባቴ።

«ወደ በሩ አትመልከቺ። ግድግዳው ጋ ስትደርሺ በረጅሙ ተንፍሺና ዙሪ» አለኝ። ቀጥሎም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔ ከዚህ በጠበበ ክፍል ስንት ዓመት ሮጫለሁ» አለ።

የምንኖርባትን አንድ ክፍል ቤት ያለ መሰለኝ። እንዳለኝ አድርጌ ጨዋታውን ጨረስኩ። አባቴ አዲስ አበባ ለዓመታት ታስሮ እንደነበር እናቴ የነገረችኝ እሱን ቀብረን ስንመለስ ነው።

ልጄ ከሜዳው ሆና «ማሚ፣ አይም ታየርድ» ብላ መድከሟን ነገረችኝ። አሰልጣኙን እንዲቀይራት ጠየቅሁት።