የአንበሳው ግራ ጆሮ

ኦሬስቴ ውሸታም አይደለም። በሕይወቱ የዋሸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም በዓይኔ አይቻለሁ።

ሠላሳ ሦስት ዓመት አስጎብኚ ሆኖ ኖሯል። ከፍሎረንስ ወደ ሮም የሚወርዱ ቱሪስቶች እኛ ከተማ ኦርቪዬቶ የሚቆሙት ለሽንት ቤትና ለካቴድራሉ ነው፣ በዚሁ ቅደም ተከተል። ቡና ቤቴ ከካቴድራሉ ጀርባ ስለሆነ የመጀመሪያውን የማስተናግደው እኔ ነኝ። ፊት ለፊቴ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ በሯ ላይ አፍንጫው የተሸረፈ የድንጋይ አንበሳ ተቀምጧል። ማን እንደጠረበው የሚያውቅ የለም፣ የጠየቀም አልነበረም።

የዛሬ ሃያ ስምንት ዓመት የአንድ አውቶቡስ ጎማ ፈነዳ። አርባ ጀርመኖች ዝናብ ላይ ቆመው ኦሬስቴ ላይ ያፈጣሉ፤ እሱ ደግሞ የሚነግራቸው አልቆበታል። "የዚህን አንበሳ ግራ ጆሮ የነካ መንገደኛ በሰላም ይመለሳል" አላቸው። ከየት እንዳመጣው እንጃ። በአሥራ አራተኛው ክፍለ ዘመን አንዲት ሴት፣ ሱፍ ነጋዴ ባሏ ወደ ፒሳ ሲሄድ ነክታለት ነበር ብሎ ጨመረበት። አርባዎቹም ተራ በተራ ነኩ።

ከመካከላቸው አንዷ መጽሐፍ ውስጥ ጻፈችው። ከእሷ ሌላው ገለበጠ። ዛሬ ግራ ጆሮው ያብረቀርቃል፣ ቀኙ ላይ የድንጋይ ሽበት በቅሎበታል። ኦሬስቴ "እኔ ነኝ የፈጠርኩት" ሲላቸው ይስቃሉ፣ ከዚያ ይነካሉ።

"ምን አስጨነቀህ?" እለዋለሁ። "ሳይመለስ ቀርቶ፣ መጥቶ የከሰሰህ አለ?"

ባለፈው ዓመት አዲስ ደንብ ወጣና አስጎብኚ ሁሉ እንደገና ይፈተን ተባለ። ሁለት ጊዜ የወደቀ ፈቃዱን ይነጠቃል። ኦሬስቴ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ሌላ ሥራ አያውቅም። እኔ ቤት አንድ ቀን ትሪ ይዞ የሆነውን ባልናገር ይሻላል። ፈታኟ ብሩኔላ የምትባል፣ ጥርሷን ማንም አይቶት የማያውቅ ሴት ናት። የአንበሳውን ጆሮ መንካት መቼ ተጀመረ ብላ ጠየቀችው።

"ጥቅምት ውስጥ፣ ሐሙስ ቀን" አላት። "የጀመርኩት እኔ ነኝ።"

"ማስረጃ አለዎት?"

"ፎስካ አለች። ባለ ቡና ቤቷ።"

"ሲኞር ኦሬስቴ፣ ለቀልድ ነጥብ አይሰጥም።"

በዚያች በአንዲት ጥያቄ ወደቀ። ሲነግረኝ ደሜ ፈላ።

"አሥራ አራተኛው ክፍለ ዘመን ብትላት ምን ነበረበት? አራት ቃል ናት!"

"አልልም።"

"እሺ፣ ትሪ አንሳ።"

ሁለተኛው ፈተና አሥራ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ቡና ቤቴ በር ላይ ተቀምጠን ብሩኔላ አሮጊት እናቷን ደግፋ ወደ አንበሳው ስትመጣ አየናት። እናትየው እጃቸውን ዘረጉ፤ ጀርባቸው ጎብጧልና ጆሮው ጋ አልደረሰም። ኦሬስቴ ተነሣ።

"ተው ኦሬስቴ" አልኩት። እውነቱን ሊነግራቸው መስሎኝ ፈራሁ። እሱ እንደሆነ ይናገራል።

"ነገ ፍሎረንስ ልቤን ኦፕራሲዮን ሊያደርጉኝ ነው" አሉት አሮጊቷ። "ይህን ሳልነካ አልሄድም ብዬ ልጄን አስቸገርኳት።"

ኦሬስቴ ክርናቸውን ይዞ እጃቸውን ቀስ ብሎ ወደ ላይ አነሣላቸው። ጆሮውን ይዘው ቆዩ።

"ነጋዴውስ?" አሉ። "የዚያች ሴት ባል፣ ተመለሰ?"

ኦሬስቴ አንበሳውን አየ፣ እኔን አየ።

"ተመልሷል፣ ሲኞራ" አለ። "ለእራት ደርሷል።"

ብሩኔላ ቀና ብላ አየችው። እሱ ተመልሶ መጣና ቡናው ሳይጠጣ ቀዘቀዘበት።

"አሁን ሁለት ሆነ" አለኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን አላግጥበት ነበር። ያን ቀን ግን ሌላ ቡና ቀዳሁለት።

ፈተናው ላይ፣ እሱ እንደነገረኝ፣ ብሩኔላ የአንበሳው ጥያቄ ጋ ስትደርስ ንባቧን አቆመች። እሱ ቀደማት።

"እናትዎስ?"

"ትናንት ተመልሳለች" አለችው፣ ከወረቀቱ ቀና ሳትል። "ለእራት ደርሳለች።"

ሙሉ ነጥብ ጻፈችለትና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።