ጭምጭምታን የሰማሁበት ቀን

ሥራ የጀመርኩት ገመድ በመጠቅለል ነው። ዲላ ውስጥ የድምፅ መሣሪያ የሚያከራዩት ጋሽ ወርቁ በመጀመሪያው ቀን ገደብ ከተማ ለተጠራ የቤተ ክርስቲያን ኮንፈረንስ ይዘውኝ ሄዱ። የማይክ ገመድ ክርኔ ላይ ስጠመጥም አዩኝና ነጠቁኝ። «እንዲህ ከሆነ ውስጡን ትሰብሪዋለሽ። ሰፋ አድርገሽ በእጅሽ ጠቅልዪው» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ስጠቀልልና ስዘረጋ ዋልኩ። ድምፅ ማቀላቀያውን፣ ሚክሰሩን የነካሁት ከብዙ ወራት በኋላ ነው።

ከረዳትነት ወደ ኦፕሬተርነት አደግኩ፤ ጋሽ ወርቁ ሲደክማቸው ደግሞ ሥራውን በሙሉ ለእኔ ተዉልኝ። ሠርግ፣ ምርቃት፣ የመዘምራን ጉባኤ፣ የመንግሥት ስብሰባ፣ ያልሠራሁት የለም። መጀመሪያ ላይ ሙዚቀኞቹ እኔኑ «ኦፕሬተሩ የት ሄደ?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር። «እኔ ነኝ» እላቸዋለሁ። ማይካቸው አንዴም ሳይጮህ ዝግጅቱ ሲያልቅ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስሜን ጠርተው ይመጣሉ።

ቆይቶ ሥራው ተቀየረ። ዘፋኙ ባንድ ይዞ መምጣት ትቶ ዘፈኑ የተቀዳበት ፍላሽ ይዞ መምጣት ጀመረ። ፍላሹን እሰካለሁ፣ ከፍ አደርጋለሁ፣ እሱ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። በዚያው ሰሞን ሙዚቃ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ የታፈነ ነገር ሆነብኝ። ቤት ውስጥ ሬዲዮ መክፈት እንኳ አስጠላኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ከድምፅ ማጉያ አጠገብ ስለቆምኩ ጆሮዬ እየሄደ ነው ብዬ ፈራሁ። ሐኪም ዘንድ አልሄድኩም፤ የሚለኝን ፈርቼ ነው። ለባለቤቴ ለተሰማ ብቻ «ይሄን የሽልማት ዝግጅት ልጨርስና እተወዋለሁ» አልኩት። እሱም «አንቺ ካልሽ» አለኝ።

ዝግጅቱ የአካባቢውን ሙዚቀኞች ለመሸለም ዲላ ላይ የተሰናዳ ነበር። አስተባባሪው ያሬድ የሚባል ወጣት መምህር ነው፤ ጨዋ ልጅ፣ ግን ከጠዋት ጀምሮ ላብ አጥምቆታል። «እትዬ አልማዝ፣ ሁሉም በፍላሽ፣ በፕሌይባክ ነው። መሣሪያ ለመቀያየር ጊዜ የለንም» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ፣ በአዲስ ባንድ ዘርፍ ከታጩት አንዱ ከጨለለቅቱ መጣ። ስማቸው ጭምጭምታ ነው። አሳታሚ የላቸውም፤ ዘፈናቸውን ራሳቸው ቀድተው ራሳቸው የሚለቁ ልጆች ናቸው። ድራሙ በአንድ ባጃጅ፣ እነሱ በሌላ ባጃጅ ተጭነው ደረሱ።

«ፍላሻችሁን ስጡኝ» አልኳቸው።

ዘፋኟ ምሕረት ትባላለች። «ፍላሽ የለንም እትዬ። እኛ እዚሁ ነው የምንጫወተው» አለች።

ያሬድ ሰምቶ ደነገጠ። «እንግዶቹ ሁሉ ተቀምጠዋል። ከተበላሸስ? ስማቸው ብቻ ይጠራና ይለፍ።»

አልፈረድኩበትም። ከእሱ ይልቅ የፈራሁት እኔ ነኝ። በማላምነው ጆሮ ባንድ ማስተካከል፣ ያውም በሰው ፊት! እሺ ልለው ነበር። ምሕረት ግን ድራሙን እያወረዱ ወዳሉት ጓደኞቿ ዞራ አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ። «ታዲያ ምን ልበላቸው?» አለችኝ።

ወደ ያሬድ ዞርኩ።

«ያሬድ፣ የሻይ ዕረፍቱን ለእኔ ስጠኝ። ከተበላሸ በእኔ አሳብብ» አልኩት።

ባሱን በቀጥታ ሚክሰሩ ላይ ሰካሁ፣ ጊታሩ ማጉያ ፊት ማይክ አቆምኩ፣ ድራሙ ላይም ያለኝን ማይክ ደረደርኩ። የድምፅ ሙከራው ሳያልቅ ሰው ገብቶ ተቀመጠ።

ምሕረት በጌዴኦኛ ጀመረች። ከመጀመሪያው ቃል በፊት የሳበችውን ትንፋሽ ሰማሁት። ጊታሩ በቀስታ ገባ፣ ባሱ ከሥር ተከተለው። የባሱ ወፍራም ክር ቅኝቱ ትንሽ ወርዷል። ይሄንንም ሰማሁት! ጣቶቼ እኔ ሳላዛቸው የድምፅዋን መቆጣጠሪያ ወደ ላይ ገፉ፣ ድራሙን ደግሞ ዝቅ አደረጉ። ሁሉም በየቦታው ተቀመጠ። ደረቴ ላይ ተጭኖ የከረመው ነገር ለቀቀኝ፤ ሚክሰሩ ላይ አቀርቅሬ አለቀስኩ። ያሬድ የተበላሸ ነገር ያለ መስሎት ሮጦ መጣ። «ምን ሆነ?» አለኝ። «ምንም አልሆነም። ደህና ነው» አልኩት። አጠገቤ ቆሞ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

ሽልማቱን ሌላ ባንድ ወሰደ። ልጆቹ ዕቃቸውን ሲሰበስቡ ባሲስቱ መጣና «እንዴት ነበርን?» አለኝ።

«ወፍራሙ ክር ወርዶብሃል።»

ሳቀ። «እኔም አውቄዋለሁ። ማንም አይሰማውም ብዬ ነበር።»

ያን ሳምንት ሀዋሳ ሄጄ ጆሮዬን ተመረመርኩ። ሐኪሟ «ቀጫጭን ድምፅ ላይ ትንሽ ቀንሷል፤ ለዕድሜዎ ግን ደህና ነው። ሥራ ላይ መከላከያ ያድርጉ» አለችኝ። በመንገድ ላይ የጭምጭምታን ዘፈኖች ከስልኬ እያዳመጥኩ ተመለስኩ። አንዱን ደጋግሜ ሰማሁት፤ አሁንም ከሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ዘፈኑ ስልኬ ላይ እንደተከፈተ ቤት ስገባ ባለቤቴ ተሰማ «ታዲያ፣ ሥራው ቀረ?» አለኝ።

«ቅዳሜ ጨለለቅቱ ልምምድ አላቸው። ማይክ ይዤላቸው እሄዳለሁ» አልኩት። እሱም «ዘፈኑን ከፍ አድርጊው» አለኝ።

ወደዚህ ሙያ ለምትገቡ የምለው አጭር ነው። ጆሯችሁን በየጊዜው አስመርምሩ። ሙዚቃ ከሰለቻችሁ ደግሞ፣ ሥራውን ከመተዋችሁ በፊት መሣሪያውን ራሱ የሚጫወት ባንድ ፈልጋችሁ አንድ ቀን ሥሩለት።